የተበሳው ጊታራችን

ስለ አገርና ስለ ዓለም ታላላቅ ጉዳይ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ አንድ አሮጌ ጊታር ቀዳዳ ለመጻፍ መነሣታችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ዳሩ ግን ስምንት ሰው በአንድ ክፍል እየተኛ በአንድ ጊታር የሚጽናናበትን ኑሮ የሚያውቅ ተማሪ፣ ነገሩ እንደ ቀዳዳው ትንሽ አለመሆኑን ይረዳልናል ብለን እናምናለን።

ጊታሩ የጋራ ንብረታችን ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ከሚሄድ ተማሪ ላይ፣ እያንዳንዳችን 400 ብር አዋጥተን በ3,200 ብር ገዛነው። እንደ ማንኛውም የጋራ ንብረት ሕግ አወጣንለት። የተራ ዝርዝር በቁም ሣጥን በር ላይ ለጠፍን፤ በማግስቱ ፈተና ያለበት ሰው ጸጥታ የመጠየቅ መብት እንዲኖረው ደነገግን። ስለ መሰበር ግን ምንም አልደነገግንም። ሕግ አውጪዎች ሁሉ የሚረሱት ነገር ይኖራል።

በጥቅምት ወር የተሰበረ አልጋ ተለውጦልን ሌላ አልጋ ከታችኛው ፎቅ ሲወጣ፣ ከጎረቤት ክፍል አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሊያግዘን መጣ። ጊታሩ በጨርቅ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ እንደ ልማዱ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አልጋው በሩ ላይ ሲታጠፍ የብረቱ ማዕዘን ከረጢቱን ወጋው። ከፍተን ብናየው፣ በጎኑ በታችኛው ሰፊ ክፍል ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል፣ ማለት 27 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ተከፍቷል። ስንጥሮቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁራሽም ወድቆ ጠፍቷል። ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ያ ልጅ ግን ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ ጭኖ ወጣ።

በዚያው ምሽት ሸንጎ ተቀመጥን፤ ወዲያውም ሦስት ወገን ሆንን። የመጀመሪያው ወገን «ጊታር ድሮስ ቀዳዳ ያለው ዕቃ አይደለም ወይ? አንድ ቢጨመርበት ምን ይሆናል? ይተው!» አለ። ሁለተኛው ወገን የአንድ እግር ኳስ ቡድን ተለጣፊ አምጥቶ «ይህን ለጥፈን እንገላገል» አለ። ሦስተኛው ወገን «በባለሙያ ይጠገን፤ ወጪውንም የበሳው ይክፈል» ሲል ፈረደ። ሸንጎው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

በማግስቱ ጠዋት ከተራው ዝርዝር ሥር በወረቀት የተጠቀለለ 150 ብር ተሰክቶ አገኘን። «ቀሪውን ወር ሲያልቅ» የሚል ተጽፎበታል። ይህ ልጅ ከቤቱ ክራር ሲመታ ያደገ ነው። ከእኛ ጊታር ላይ የትዝታን ቅኝት ፈልጎ ያገኘው፣ ለእኛም ያስተማረን እርሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ወደ ክፍላችን መምጣት ተወ። ምግብ ቤት ስንገባ እርሱ ይወጣል፤ በደረጃ ላይ ስንገናኝ መጽሐፉን ገልጦ ያነብባል። እንግዲህ ሁለት ቀዳዳ ሆነብን።

የመጀመሪያውን ወገን ክርክር ለመመርመር፣ እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለሆንን፣ ከሳይንስ ፋኩልቲ አንድ ወዳጃችንን ጠራን። እርሱም ባዶ ጠርሙስ አንሥቶ በአፉ ላይ እፍ አለበትና እንደ ዋሽንት አስጮኸው። የጊታርም ሆድ እንዲሁ ነው አለን። በውስጡ ያለው አየር በአፉ በኩል እየወጣና እየገባ ይርገበገባል፤ ይህ የአየር ድምፅ በአብዛኛው ጊታር በሴኮንድ 100 ጊዜ አካባቢ የሚርገበገብ ነው። ወፍራሞቹን ክሮች የሚያጐላቸውም እርሱ ነው። ቀዳዳ ሲጨመር አየሩ የሚወጣበት በር ስለሚሰፋ ድምፁ ወደ ቀጭን ያዘነብላል። ከዚያ ማስመሪያ አውጥተን ለካን። የጊታራችን አፍ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይኸውም 78 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይሆናል። አዲሱ ቀዳዳ 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከመቶ 7 እጅ ብቻ መሆኑ ነው። እንዲያውም ሆን ብለው በጊታር ጎን ላይ ቀዳዳ የሚያበጁ ሠሪዎች አሉ፤ ይህም የሚጫወተው ሰው የራሱን ድምፅ ይበልጥ እንዲሰማ ነው።

ጎን የጊታር ዋነኛ የድምፅ ምንጭ አለመሆኑን ያስመሰከረ ሰውም አለ። ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (1817–1892)፣ ዛሬ የምናውቀውን የክላሲክ ጊታር ቅርጽ ያደላደለው ሠሪ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1862 ጎኑና ጀርባው ከካርቶን፣ ፊቱ ግን ከጥሩ እንጨት የሆነ ጊታር ሠራ። ሊያሳይ የፈለገው የድምፁ ጌታ የፊቱ እንጨት መሆኑን ነው። ያ ጊታር እስከ ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። በእኛ ክራርና በገናም ነገሩ የተለየ አይደለም። ጅማቱ ሲመታ በበርኩማው በኩል የሚንቀጠቀጠው ገበታው ላይ የተወጠረው ቆዳ ነው።

ታዲያ «ይተው» ያሉት ወገኖች ረቱ ማለት ነውን? በድምፁ በኩል አዎን፤ በዕድሜው በኩል ግን አይደለም። ቀዳዳው ራሱ ብዙ አይጐዳም፤ የሚጐዳው የቀዳዳው ጠርዝ ነው። በአዲስ አበባ የክረምቱ እርጥበት እንጨትን ያሳብጣል፤ የበጋው ድርቀት ደግሞ ያኰማትራል። እንጨትም የሚያብጠውና የሚኰማተረው በክሩ ርዝመት ሳይሆን በክሩ አግድም ነው። የተሰነጠቀ ጠርዝ በየወቅቱ እየተጐተተና እየተገፋ ስንጥቁ በክሩ መሥመር እየሮጠ ይሄዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ስንጥቅን ማቆምና ቀዳዳን መዝጋት ግን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ዊሊ ኔልሰን በ1969 ያገኘው «ትሪገር» የሚባል የማርቲን ኩባንያ ጊታር አለው። የክላሲክ ጊታር በመሆኑ ፊቱን ከጭረት የሚጠብቅ ልባጥ የለውም፤ በመምቻ ሲመታ ከመኖሩ የተነሣ ከአፉ አጠገብ ተፍቆ ሁለተኛ አፍ ተከፈተበት። ማርክ ኧርልዋይን የተባለው የኦስቲን ከተማ ጊታር ሠሪ በየጊዜው ከውስጥ ያሉትን ደጋፊ እንጨቶች ያጠናክራል፤ ቀዳዳውን ግን አልደፈነውም። ጊታሩ በቀዳዳው ሳይሆን ከቀዳዳው በስተጀርባ ባለው ድጋፍ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ወደ አንድ አናጢ ሄድን። ጋሼ ጊታሩን አገላብጠው አዩና «ልጆቼ፤ ተለጣፊ ዓይንን ይሸፍናል፤ ስቱኮም ጉድጓድ ይሞላል። እንጨትን የሚይዘው ግን እንጨት ነው» አሉን። ሱፐር ግሉ ይዘን መሄዳችንንም አልወደዱትም፤ ገና ሳታስተካክሉት ይደርቅባችኋል፤ ነገ የሚፈታው ሰውም ይቸገራል አሉ። አንድ ስስ የዋንዛ ቁራጭና በብርጭቆ ኮላ ሰጡን፤ አሠራሩንም አስረዱን። ሥራው ከውስጥ ስለሚጀምር እጅ በጊታሩ አፍ ገብቶ ወደ ጎኑ መታጠፍ እንዳለበት ነገሩን። ዋጋ ብንጠይቃቸው «ሲያልቅ አምጥታችሁ አሳዩኝ» ብቻ አሉን።

ወደ ክፍላችን ተመልሰን በየተራ ብንሞክር የስምንታችንም እጅ ከአንጓው ላይ ተያዘ። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ የዚያን ልጅ ቀጭን እጅ አስታወሰ። ሁላችንም ተነሥተን ወደ ክፍሉ ሄድን። በሩን ከፍቶ ስምንት ሰው ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቀሪውን ገንዘብ ልንጠይቀው የመጣን መስሎታል።

«እጅህን አሳየን» አልነው።

ግራ ገብቶት ዘረጋው። 150 ብሩን በመዳፉ ላይ አስቀምጠን «ይህ የአንተ ነው፤ እጅህ ግን ለሦስት ቀን ያስፈልገናል» አልነው። ወዲያው አልተከተለንም። «ዕዳዬን ልክፈል እንጂ ምሕረት አልለመንሁም» አለን። ይህ ቃል ከሦስተኛው ወገን የነበሩትን ጓደኞቻችንን ዝም አሰኛቸው። በመጨረሻም ከእነርሱ አንዱ «ምሕረት አይደለም፤ የእኛ እጅ አልገባ ብሎ ነው» አለው። እውነትም ነበረ። እውነት በመሆኑም ተነሥቶ መጣ።

አሠራሩን ለሚፈልግ እነሆ እንጽፋለን። በመጀመሪያ ክሮቹን አላላን፤ የተወጠሩ የብረት ክሮች በአንድነት ከ70 ኪሎ በላይ በሚሆን ኀይል ስለሚስቡ ውጥረት ላይ እያለ ጊታር አይነካም። ቀጥለን በስልክ መብራትና በትንሽ መስተዋት ውስጡን አየን፤ የተላቀቀ ደጋፊ እንጨት አላገኘንም። የታጠፉትን ስንጥሮች ቈርጠን አልጣልናቸውም፤ ልጁ ከውስጥ በጣቱ ቀስ እያለ ገፍቶ ወደ ቦታቸው መለሳቸው። ከዋንዛው ቀዳዳውን በየአቅጣጫው በ15 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቁራጭ አወጣን። የቁራጩ ክር የጊታሩን ጎን ክር እንዲያቋርጥ አደረግን፤ ስንጥቅ የሚሮጠው በክር መሥመር ስለሆነ ተሻጋሪው ክር መንገዱን ይዘጋበታል። ቁራጩን በሙቅ ውኃ አለስልሰን የጎኑን ጕብጥና እንዲይዝ በድስት ላይ አስረን አሳደርነው።

በሁለተኛው ቀን ኮላ ተቀብቶ ከውስጥ ተለጠፈ። ሞርሳ ስለማይገባ ከተበላሹ ድምፅ ማጉያዎች ሁለት ማግኔት አወጣን፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ሆነው ቁራጩን አጥብቀው ያዙት። ማግኔቱ በኮላው እንዳይያዝ በመካከል ፌስታል አደረግን። 24 ሰዓት ሳንነካው ቈየን። በሦስተኛው ቀን የጠፋችውን ቁራሽ ቅርጽ በወረቀት ላይ ነድፈን ከዋንዛው ጥቂት አስበልጠን ቈረጥን፤ ልክ እስክትገባ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸናት። በኮላ ከገባችና ከደረቀች በኋላ ከጎኑ ጋር አስተካክለን ቫርኒሽ ቀባናት። ክሮቹንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ አጠበቅናቸው።

ጥገናው ይታያል። የዋንዛው መልክ ከጎኑ መልክ ጋር አልተስማማም፤ ከሩቅ ሲያዩት ጠባሳ ይመስላል። እኛም በቀለም ልንሰውረው አልፈለግንም። የተለጠፈው ነገር ሥራው መያዝ ነው፤ መታየቱ አያሳፍረውም። ወደ ጋሼ ወስደን ስናሳያቸው በጣታቸው አንኳኩተው አዳመጡና «ይዟል» አሉ። ከዚያ በላይ ምስጋና አልጠበቅንም።

ከዚህ ያገኘነውን ትምህርት ስንጠቀልል፣ የጋራ ዕቃ ሲሰበር ቶሎ የሚመጣብን ጥያቄ «ማን ሰበረው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ዕቃውን አይጠግንም፤ ሰውንም ይቀንስብናል። መጠየቅ ያለበት «ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ምን ይይዘዋል? የማን እጅ ይገባል?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሚቃወሙን አሉ፤ ወጪ ካልተጠየቀ ማንም አይጠነቀቅም ይላሉ። በቸልታ ለሚሰብር ሰው ክርክራቸው ተገቢ ነው። ሊያግዝ መጥቶ ድንገት በበሳ ሰው ላይ ሲሆን ግን፣ ነገ አልጋ የሚያወጣልን ጎረቤት እንዳናገኝ የሚያደርግ ሕግ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚለው የአባቶች ቃል ለኮላና ለዋንዛ ዋጋም ይሠራል።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ትንሽ አሳብ እናቀርባለን። በማኅበሩ ክፍል አንድ ሣጥን ይቀመጥ፤ በውስጡም ኮላ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ትንሽ መጋዝና ሁለት ሞርሳ ይኑር። እግሩ የወለቀ ወንበር፣ የተሰነጠቀ የቼዝ ሰሌዳ፣ የተበሳ ጊታር ያለው ሁሉ መጥቶ ይሥራ። ሁለቱን ማግኔቶች እኛ ለሣጥኑ እንሰጣለን። ቀጭን እጅ ያስፈለገው እንደ ሆነም፣ የአንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስም በተራ ዝርዝራችን ላይ ዘጠነኛ ሆኖ ተጽፏል፤ ፈተና ከሌለበት በቀር እሺ ይላል።