ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ሰኞ

ጆሃንስበርግ ውስጥ የፋሲካ ሰሞን የትምህርት ቤት ራግቢ ሰሞን ነው። የከተማዋ አንጋፋ የወንዶች ትምህርት ቤቶች ከሌላ ክፍለ ሀገር ጭምር ቡድን ጋብዘው ውድድር ያዘጋጃሉ። ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ይጀመራል፣ ቅዳሜ ይቀጥላል፣ ሰኞ ያበቃል። ስቅለትና እሑድ ኳስ የለም። አንድ ቡድን በአምስት ቀን ሦስት ጊዜ ይገጥማል ማለት ነው። ደሞዝ የሚከፈላቸው፣ ሐኪምና የምግብ ባለሙያ የተመደበላቸው አዋቂዎች እንኳ እንደ ደንቡ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚጫወቱት።

በ2017 ዓ.ም. የእነሱም የእኛም ፋሲካ በአንድ ቀን ስለዋለ፣ በዓሉን ከአክስቴ ልጅ ጋር ላሳልፍ ሄጄ ሳልወድ በግድ የራግቢ ተመልካች ሆንኩ። እሷና ባለቤቷ፣ ጄፒ በሚባለው፣ የሐበሻ ሱቅ ከዳር እስከ ዳር በተደረደረበት ሰፈር፣ የብርድ ልብስና የመጋረጃ ንግድ አላቸው። ልጃቸው እዚያው ተወልዶ ያደገ የ17 ዓመት ጎረምሳ ነው። በእግሩ ፍጥነት የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ለትምህርት ቤቱ ዋናው ቡድን በክንፍ ይሰለፋል። የጸሎተ ሐሙስ ለት እናቱ ጉልባኑን በጎድጓዳ ሳሕን ቋጥራ ይዛ መጣች፤ ልጁ ከጨዋታ በኋላ በጭቃ እጁ እየዘገነ ለጓደኞቹ ሲያድል አየሁ።

ራግቢን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ሰው ድምፁን አያውቀውም። ከመስመሩ ጥቂት ሜትር ርቀው ሲቆሙ ትከሻ ከጎድን አጥንት ጋር ሲጋጭ ዱብ የሚለው ድምፅ እስከ ሆድ ይዘልቃል። ጨዋታው 70 ደቂቃ ነው፤ በዚህ ውስጥ ግጭቱን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ከሜዳው ጀርባ አባቶች ሥጋና ቋሊማ ይጠብሳሉ፣ የቀድሞ ተማሪዎች የትምህርት ቤቱን ኮት ለብሰው ይዘምራሉ፣ ትናንሾቹ ተማሪዎች ደረጃው ላይ ተደርድረው ከበሮ እየመቱ ይፎክራሉ። ውበት አለው፤ አልክድም። በዚያ ሁሉ ፉከራ መሃል ግን አንድ የ16 ዓመት ቀጭን ልጅ በክብደት ሊያጥፈው ምንም ያልቀረውን እኩያውን ሊጥል ጎንበስ ሲል ልቤ ቀጥ ይላል። የዕድሜ ምድብ የልደት ዘመንን እንጂ የሰውነትን እድገት አያይም። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ ለዚህ ብለው ልጆችን በኪሎ ጭምር የሚመድቡበት የውድድር ዓይነት አላቸው።

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በታክል ነው፤ ኳስ የያዘውን አቅፎ በመጣል። ተጣዩም ጣዩም ይጎዳል። ጣዩ ጭንቅላቱን በተሳሳተው ጎን ካስገባ የተቃራኒው ጉልበት ወይም ዳሌ ጆሮ ግንዱ ላይ ያርፋል። አንዳንዶቹ ለስላሳ የስፖንጅ ቆብ ያጠልቃሉ። ቆቡ ጆሮን ከማበጥ፣ የራስ ቆዳን ከመሰንጠቅ ያድናል፤ ኮንከሽንን ግን አያስቀርም። ኮንከሽን የሚባለው ጭንቅላት በድንገት ተወርውሮ በድንገት ሲቆም አንጎል ራስ ቅል ውስጥ ሲናጥ የሚመጣ ጉዳት ነው፤ ደም ላይታይ፣ እብጠት ላይወጣ ይችላል።

ስክራም ሌላ ነው። ስምንት በስምንት ተቆላልፈው ሲገፋፉ የፊተኛው ረድፍ ልጆች አንገት ያንን ሁሉ ኃይል ይቀበላል። በድሮው ጊዜ ሁለቱ ወገን ተንደርድረው ይላተሙ ነበር። ዛሬ ዳኛው በትእዛዝ ነው የሚያስገባቸው፤ ጎንበስ ይላሉ፣ ይያያዛሉ፣ ከዚያ ይገባሉ። ከ19 ዓመት በታች ደግሞ አንዱ ቡድን ሌላውን ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ እንዲገፋ አይፈቀድለትም።

ደቡብ አፍሪካ ዓይኗን የገለጠችው በሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የዌስተርን ፕሮቪንስ ተጫዋች ክሪስ በርገር ብሉምፎንቴይን ላይ በጨዋታ መሃል በአንገቱ ላይ በደረሰ ጉዳት ሞተ። አምበሉ ሞርኔ ዱ ፕሌሲ ለተጎዱ ተጫዋቾች መርጃ የሚሆን ፈንድ በበርገር ስም አቋቋመ፤ ፈንዱ ዛሬም አከርካሪያቸው ተጎድቶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የቀሩትን ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይኸው ፈንድና የአገሪቱ ራግቢ ማኅበር ቦክስማርት የሚባል የደኅንነት ፕሮግራም ጀመሩ። አሰልጣኝም ሆነ ዳኛ ኮርሱን ወስዶ በየሁለት ዓመቱ ማደስ ግዴታው ነው። በኋላ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ከፕሮግራሙ ወዲህ ሽባ የሚያደርገው ከባድ ጉዳት በታዳጊዎቹ ላይ ቀንሷል፤ በአዋቂዎቹ ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልተገኘም። ይህን ስሰማ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ልጅን ማስተማርና አሰልጣኙን ተጠያቂ ማድረግ አንገት ያድናል ማለት ነው።

አንገቱ የተሰበረ ልጅ ግን ሜዳ ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ሁሉም ያየዋል፣ ቃሬዛ ይመጣል። አንጎሉ የተናጠው ተነስቶ ይሮጣል።

የቅዳም ሹር ለት ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ የእኛ ልጅ ቡድን 7 ቁጥር ዝቅ ብሎ ሲጥል ጉልበት አገኘው። ቶሎ ተነሳ። ከዚያ ግን ሄዶ በተቃራኒው ቡድን መስመር ቆመ፤ እንደ ጓደኞቹ ተሰልፎ ኳስ ይጠብቃል። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ወጌሻዋ ሮጣ ገብታ ፊት ለፊቱ ተንበረከከችና እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ትጠይቀው ጀመር። ይህ የማን ሜዳ ነው? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ላይ ያገባው ማነው? እኛ ከቆምንበት ይሰማል። እነዚህን መለሰ። ሐሙስ ከማን ጋር ተጫወታችሁ? ስትለው ዝም አለ፤ ቀጥሎ ባለፈው ሳምንት የገጠሙትን ቡድን ስም ጠራ። እሷም ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም፣ ወደ አሰልጣኙ እጇን አወዛወዘች።

ልጁ ደህና ነኝ እያለ ይጮሃል። አጠገባችን አንድ ጎልማሳ፣ የልጁ አጎት ይሁን ጎረቤት አላወቅሁም፣ «ተዉት ይጫወት፣ ምንም አልሆነም!» ይላል። በቴሌቪዥን የምናያቸው ባለሙያዎች ከሜዳ ወጥተው እስከ 12 ደቂቃ የሚደርስ ምርመራ ተደርጎላቸው ካለፉ ይመለሳሉ፤ ያ ጎልማሳ ያንን አስቦ ይሆናል። ለልጆች ግን እንዲህ ያለ በር የለም። ጥርጣሬ ብቻ ይበቃል፤ የተጠረጠረ በዚያ ቀን አይመለስም፤ ከዚያም በኋላ በዕረፍትና ቀስ በቀስ በሚጨምር ልምምድ ሳምንታት ቆይቶ ነው ወደ ጨዋታ የሚገባው። የሰኞው ጨዋታ ለእሱ አበቃለት። እያለቀሰ ወጣ። የሰኞ ለት የክፍለ ሀገሩ ቡድን መራጮች ይመጣሉ ተብሏል፤ ከዚያ ቡድን ቀጥሎ ያለው እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የክሬቨን ሳምንት የሚባለው ውድድር ነው፣ የትልልቅ ክለቦች ሰዎች ውል ይዘው የሚጠብቁበት። ልጁ ለምን እንዳለቀሰ ይገባኛል።

ስለ ኦታዋዋ ልጅ ማሰብ የጀመርኩት እዚያው ሜዳ ዳር ነው። ሮዋን ስትሪንገር 17 ዓመቷ ነበር፣ የትምህርት ቤቷ ራግቢ ቡድን አምበል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 በስድስት ቀን ሦስት ጨዋታ አደረገች። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጭንቅላቷን ተመታለች። ራሷን እንዳመማት ለጓደኞቿ በስልክ ጽፋለች፣ ስለ ኮንከሽንም በኢንተርኔት ፈልጋለች። ጓደኞቿ ያውቁ ነበር፤ እንዳትጫወት የሚያግዳት አዋቂ ግን አላወቀም። በሦስተኛው ጨዋታ ስትወድቅ አልተነሳችም፤ ከአራት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ያልዳነ አንጎል ላይ ሌላ ምት ሲያርፍ እብጠቱ ከቁጥጥር ይወጣል። የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲያጋጥም ግን አብዛኛውን ጊዜ በወጣቶች ነው፣ ለሐኪምም ጊዜ አይሰጥም። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የ14 ዓመት ተማሪ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ደጋግሞ ተመትቶ በዚሁ መንገድ ሞቷል።

በሮዋን ሞት ላይ የተካሄደው ይፋዊ ምርመራ 49 ምክረ ሐሳብ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የኦንታሪዮ ምክር ቤት በስሟ ሕግ አወጣ። ቶሮንቶና ኦታዋ ያሉ ወገኖቻችን ልጃቸውን ለእግር ኳስም ሆነ ለሌላ ስፖርት ሲያስመዘግቡ አንብበው እንዲያረጋግጡ የሚሰጣቸው ወረቀት ከዚህ የመጣ ነው። ሳያነቡ የሚፈርሙ እንዳሉ አውቃለሁ። እባካችሁ አንብቡት፣ ከልጁም ጋር አንብቡት።

እኔ ራግቢ ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሪታንያ ውስጥ ከ70 በላይ ሐኪሞችና ምሁራን በትምህርት ቤት ታክል እንዲታገድ ለመንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ስጋታቸውን እጋራለሁ፤ ግን የአክስቴ ልጅ ልጅ በዚህ ጨዋታ ያገኘውን ወንድማማችነትና ልበ ሙሉነትም በዓይኔ አይቻለሁ። የምቃወመው ቀን አቆጣጠሩን ነው። ሐሙስ የተመታ ልጅ ቅዳሜ ለመጫወት ሲል ዝም ይላል፣ ቅዳሜ የተመታው ለሰኞ ሲል ዝም ይላል። በየሳምንቱ ቢሆን የራስ ምታቱ በመሃሉ ክፍል ውስጥ፣ ቤት ውስጥ፣ ደብተር ፊት ይጋለጥ ነበር። አንድ አሰልጣኝ ይህን ሳነሳበት ሰፊ ስብስብ አለን፣ እንቀያይራለን አለኝ። በሁለቱም ቀን የተሰለፉትን ግን አይቻለሁ፤ ከፊት ያሉት ጉልበተኞቹ ራሳቸው ነበሩ። ማንም ልጅ ከሦስቱ በሁለቱ ብቻ ይሰለፍ የሚል ቁርጥ ያለ ሕግ ቢወጣ የውድድሩ ድምቀት አይቀንስም።

የዚያ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤት ስንመለስ የእኛ ልጅ ከኋላ ወንበር ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እናቱ ተርቦ መስሏት ዳቦ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

«ማሚ፣ እሱ እኮ ሐሙስም ራሱን አሞት ነበር።»

«ማን?»

«7 ቁጥር። ማታ ሲያስመልሰው ነበር። ለማንም እንዳትነግር ብሎኛል።»

እናቱ መልስ አልሰጠችም፤ ነዳጅ ማደያ አገኘችና ገብታ መኪናውን አቆመች። «ለወጌሻዋ ደውል» አለችው። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ከዳኸኝ ይለኛል» ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይበልህ፤ በሕይወት ኖሮ ይበልህ» አለችው እናቱ። ደወለ። ወጌሻዋ ሁለት ጊዜ ነው የተመታው? ብላ ደግማ ጠየቀችው፣ አመሰገነችው፣ ዘጋች። የ7 ቁጥሩ ወላጆች ያን ሌሊት ሆስፒታል ይዘውት ሄዱ፤ ራሱን በማሽን አዩት፣ ደም አልፈሰሰም። ለጥንቃቄ አሳድረውት እሑድ ከሰዓት ቤቱ ገባ፣ ሐኪም በጽሑፍ ካልፈቀደለት ኳስ እንዳይነካም ተነገረው።

ሰኞ ጠዋት ወጌሻዋ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል ደጃፍ ወንበር አስቀመጠች። ከመሰለፉ በፊት እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስጠርታ፣ አሰልጣኙ በሌለበት፣ ስለ ሐሙስና ስለ ቅዳሜ ጠየቀችው፤ ስለ ራሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጓደኞቹም። ሁለት ልጆች ማልያቸውን ሳይለብሱ ተመለሱ። አሰልጣኙ የተሰላፊዎቹን ስም እንደገና ጻፈ።