መኪናው ከመነሣቱ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ከሁለቱ የሙያ ጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ለአስጎብኚ ድርጅቶች፣ ለሆቴሎችና ለመጽሔት የሚሆን ፎቶ አገር ላገር እየዞራችሁ ልታነሡ መሆኑን ከሰማሁ ጀምሮ የምነግርሽ ነገር በልቤ ሲመላለስ ከረመ። በስልክ የተነገረ ምክር መንገድ ላይ ይቀራልና በወረቀት አደረግሁት።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ አዲስ ቅዳም ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ሳነሣ፣ በየሰርጉና በየክርስትናው ስዞር ነው። የአንቺ ሥራ ከእኔ ይሰፋል። ሆኖም ለጥር 23 የፈረስ በዓል፣ ለዘንገና ሐይቅ፣ ለግሽ ዓባይ ብለው ከአዲስ አበባም ከውጭም የሚመጡትን ቡድኖች መንገድ እየመራሁ፣ እያስተረጎምሁ፣ ማደሪያ እየፈለግሁላቸው ብዙ ዓመት አብሬ ውያለሁ። ተሳስቀው የመጡ ሰዎች ተኳርፈው ሲመለሱ አይቻለሁ። ዝናቡና ጭጋጉ አኳርፎአቸው አያውቅም። የሚያጣላቸው ፎቶው የማን ነው፣ ክፍያው እንዴት ይካፈላል፣ የማን ስም ይውጣ የሚለው ነው። ስለዚህ አጥብቄ የምለምንሽ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት የእያንዳንዱ ሰው ድርሻና ስም በወረቀት ይስፈር። ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

እዚህ ለወንፈል የሚወጣ ገበሬ በየትኛው ቀን የማን ማሳ እንደሚታረስ ሳይነጋገር በሬውን አይጠምድም። እናንተም ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ብቻ ነገሩን በይሉኝታ አትለፉት። ነዳጁን ማን ይችላል? ቀብዱ ሲገባ በማን እጅ ይቀመጣል? አንዱ ሌንሱ ቢሰበርበት ወጪው የእሱ ብቻ ነው ወይስ የሦስታችሁ? ድርጅቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ፎቶ ለሌላ ሥራ ቢፈልግ የሚከፈለው ለማን ነው? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ጽፋችሁ ሦስታችሁም ፈርሙበት።

ከአሠሪ ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ ሕጉን ዕወቂው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤትነቱ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው ይላል፤ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ናት የእናንተ መከታ። ፎቶዎቹን ለራሳችሁ ሥራ ማሳያ ማዋል፣ ኤግዚቢሽን ላይ ማቅረብ፣ በመጽሐፍ ማውጣት የምትፈልጉ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ውስጥ አስገቡት፤ ከፈረማችሁ በኋላ ልመና ነው የሚሆነው። ያው አዋጅ ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ሲኖርበት መሆኑን ያነሣል። የገንዘብ መብቱም ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ይቆያል። እንግዲህ በየፋይሉ ላይ ስምሽን ማስፈርን እንደ ጉራ አትቁጠሪው። እዚህ አካባቢ የተነሣ የአንድ ፈረሰኛ ፎቶ የአንድ ድርጅት ካላንደር ላይ ወጥቶ ያየሁበት ጊዜ ነበር። አንሺው አልተጠቀሰ፣ ፈረሰኛው አልተጠየቀ። ሰውየው ራሱን ያገኘው ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። ሦስት ካሜራ አንድ ቦታ ሲሠራ መጀመሪያ የሚስተካከለው ሰዓት ነው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የሦስቱንም ካሜራ ሰዓት በአንድ ስልክ አስተካክሉ፤ አለበለዚያ ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ግልቢያው ከምርቃቱ ቀድሞ፣ ምሳው ከቅዳሴው ቀድሞ ይደረደራል፣ ኤዲት የሚያደርገው ሰው ያብዳል። ከውጭ የመጣ ሰው አብሯችሁ ካለ ደግሞ የቀጠሮውን ሰዓት ሁለት ጊዜ ጠይቁት። እኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስንል እሱ 6 ነው የሚለው። ዘንገና ላይ ጭጋጉ ከውኃው የሚነሣበትን ያችን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቆም መልሶ አያገኛትም።

ቦታም ተከፋፈሉ። የጥር 23ቱን በዓል እንውሰድ፤ አንቺ ከልጅነትሽ ታውቂዋለሽ፣ ጓደኞችሽ ግን አያውቁትም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት በአድዋም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመንም ከፈረሳቸው ጋር የተዋደቁትን አባቶች ለማሰብ ነበር። ይህን የማያውቅ አንሺ ግልቢያውን የስፖርት ውድድር ያደርገዋል፤ የሚያነሣውም አቧራና ሰኮና ብቻ ነው። አንዱ ጉግሱ በሚጀመርበት ጫፍ ይቁም፣ አንዱ ረጅም ሌንስ ይዞ በማዶ ይቀመጥ፣ አንቺ ሽማግሌዎቹ ከተሰበሰቡበት አትራቂ። ሌሎቹ የማይገባቸውን አገውኛ አንቺ ትሰሚዋለሽ። ማን ለማን ምን እንዳለ ማወቅ ዓይንን ቀድሞ ካሜራውን የሚያዞር ነገር ነው። ሦስታችሁም አንድ ቦታ ከተኮለኮላችሁ አንድ ዓይነት ፎቶ ትሰበስባላችሁ፣ አንዳችሁ በሌላችሁ ፎቶ ውስጥ ትገባላችሁ። ከሚጋልብ ፈረስ ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ይህን ለጓደኞችሽ አስጠንቅቂያቸው፣ ልጓም ቢሳብም ፈረስ ባንዴ አይቆምም። ፈረሰኛውንም ደግመህ ጋልብልን፣ ደግመህ ጋልብልን እያላችሁ አታድክሙት። በበዓሉ የሚጋልበው ለአባቶቹ ነው፤ ከበዓሉ ውጭ ለካሜራ ሲጋልብ ግን ሥራ ስለሆነ ዋጋው አስቀድሞ ይነገረው።

ማታ ማታ ሜሞሪውን በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፣ ሁለቱም በአንድ ሻንጣ አይደር። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስም ስል ግን የአንሺዎቹን ብቻ እንዳይመስልሽ። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኬንያው ሞሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ኮረም ላይ ስለ ረሃቡ የሠሩት ዘገባ ዓለምን ከተኛበት አስነሥቷል። የአሚን ምስል ያለ በርክ ቃል፣ የበርክ ቃልም ያለ አሚን ምስል ያን ያህል ይሰማ ነበር ብዬ አላምንም። ሁለቱንም ዛሬ ዓለም በስም ያነሣቸዋል። በግንቦት 1983 ማብቂያ ግን አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አሚን ክንዱን ያጣበት ያ ቀን፣ አብሮት ድምፅ የሚቀዳው ጆን ማታይ የሞተበትም ቀን ነው። አሚን በሰው ሠራሽ ክንድ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1989 ዓ.ም. የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ አረፈ። የእሱን ታሪክ የሚያወሩ ብዙ ናቸው፣ ማታይን የሚያነሡት ጥቂት። እኔ ይህ ይከነክነኛል። ድምፅ የቀዳ፣ መብራት የያዘ፣ መኪና የነዳ፣ ያስተረጎመ ሰው ለዚያ ሥራ ሕይወቱን አስይዞ ሳለ ስሙ ከሥራው ሥር ለምን አይገኝም?

ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ዳሎል ላይ ስለ ውኃ የሠራቻቸውን ሥዕል የሚመስሉ ፎቶዎች አሳይተሽኝ ነበር፤ እንስራ የያዙ፣ ሰውነታቸውን ቀለም የተቀቡ ሴቶች በዚያ ጨው ሜዳ ላይ። ከባሕር ወለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ የሚያቃጥል ምድር ነው። እዚያ ቀለም የሚቀባ፣ ልብስ የሚያለብስ፣ ዕቃ የሚሸከም፣ በዚያ ሙቀት ሳትነቃነቅ የምትቆም ሰው ባይኖር አንዱም አይሆንም። ሐሳቡ የአይዳ ነው፣ ክብሩም ይገባታል። እሷ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታ የአገራችንንና የአፍሪካን አንሺዎች ሥራ ለዓለም መድረክ አብቅታለች፤ ለሌላው ስም መቆም ማለት እንዲህ ነው።

አንቺ ቋንቋ ስለምታውቂ የውጭ ቡድኖች ፊክሰር (ሥራ አመቻች) እንድትሆኚላቸው ይፈልጉሻል። ሥራ ነውና አትናቂው። ነገር ግን ታሪኩን አንቺ አግኝተሽ፣ ሰዎቹን አንቺ አሳምነሽ፣ ፈቃዱን አንቺ አውጥተሽ ስትጨርሺ ስምሽ እንዲጻፍ ከመጀመሪያው ጠይቂ። ይህች አገር በራሷ ልጅ ዓይን ስትታይ ምን እንደሚሆን አይተናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰው የያዘው አውሮፕላን ከቢሾፍቱ ማዶ ሲወድቅ የሐዘኑን ቦታ ያነሣው ሙሉጌታ አየነ በዓለም የፕሬስ ፎቶ ውድድር በዘርፉ አንደኛ ወጥቷል። ግርማ በርታም እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲና የኢንስታግራምን ድጋፍ ያሸነፈው በስልክ ባነሣቸው የአዲስ አበባ የጎዳና ሰዎች ነው። ስለዚህ በመሣሪያ ማነስ አንገትሽን አትድፊ።

አሁን ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር። ጓደኞችሽን ይዘሽ ስትመጪ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ መንገዱን ይዞ የሚጨሰውን ከሰል ሳያነሡት አያልፉም። ጭሱ በጠዋት ፀሐይ ያምራል፤ ፊቱ በጥላሸት የጠቆረ ገበሬም ሌንስ ይስባል። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን ግን አንቺ ተቆጣጠሪ። ደን ጨፍጫፊ ብለው የጻፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ የሚከሰለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ገበሬው ራሱ በማሳው የተከለው ነው። አፈሩ ኮምጥጦ እህል እምቢ ሲል ዛፉን ተከለ፣ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ዘራበት፣ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ አከሰለው፣ መሬቱም አገግሞ እንደገና ዘራበት። ስንቱ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው፣ ስንቱ ልጁን ያስተማረው በዚያ ነው። ቅርብ ጊዜ ደግሞ በሽታ ገብቶ ዛፉን አደረቀውና ገበሬው ተጎድቷል። ይህ ሁሉ በጭሱ ውስጥ አይታይም። ከውጭ የመጣ ጓደኛሽ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ አንቺ እያወቅሽ ዝም ካልሽ ግን የጋራ ሥራችሁ የጋራ ሐሰት ይሆናል። ከተጣላሽም በዚህ ተጣዪ።

የሰውንም ፊት አክብሪ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። ለሆቴል ማስታወቂያ የምታነሡት ሰው የት እንደሚለጠፍ ተነግሮት ይፈርም፤ መጻፍ የማይችል ከሆነ በምስክር ፊት በጣቱ ያትም። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ቀበሌውን በማስታወሻሽ ያዢ። ገበሬ፣ እረኛ፣ ባሕላዊ ልብስ የለበሰች ሴት እያላችሁ አትለፉ፤ እያንዳንዱ ስም አለው። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ካህኑን ሳታስፈቅዱ ካሜራ ከቦርሳ አይውጣ። ድሮን ካላችሁ ያለ ፈቃድ እንዳታስነሡ፤ በዚህ ጊዜ ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር ሕዝቡን ያስደነግጣል፣ እናንተንም ያስይዛችኋል። ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ ሳትይዙ ወደ ገጠር አትውጡ፣ መንገዱንም የአገሬውን ሰው ጠይቃችሁ ብቻ ሂዱ። ሥራ ይተርፋል፤ እናንተ ግን በደኅና መመለስ አለባችሁ። ከመሸ አትንቀሳቀሱ፣ የት እንዳደራችሁም ለእናትሽ በየቀኑ ንገሪያት።

ለጥር የምትመጡ ከሆነ ቢያንስ በታኅሣሥ አጋማሽ አሳውቂኝ። በበዓሉ ሰሞን እንጅባራ ላይ አልጋ አይገኝም፤ እኛ ጋ አድራችሁ በጠዋት መሄድ ትችላላችሁ። የሁለቱን ጓደኞችሽንና የሹፌሩን ሙሉ ስም ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ለቀበሌው ቀድሜ ላስታውቅ። አምና ያነሣሻቸው ፈረሰኞች ፎቷቸውን እየጠየቁኝ ነው፤ በስልክ የላክሽውን አሳይቻቸዋለሁ፣ የሚፈልጉት ግን ታጥቦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ነው። በትልቁ አሳትመሽ በየጀርባው ስማቸውን ጽፈሽ ይዘሽ ነይ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ።

አባትሽ
አዲስ ቅዳም