ለከሰረ ነጋዴ ጠበቃ ፍለጋ፣ ቡልቡላ

ቡልቡላ 93 ማዞሪያ ወርደን ማስታወቂያ እያነበብን ሄድን። «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚለው ብዙ ነው፤ ከሥሩ ፍቺ፣ ውርስ፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ የካርታ ጉዳይ ይላል። በኮንዶሚኒየምና በአዳዲስ ቤቶች የተሞላ ሰፈር ስለሆነ ሙግቱም የሚነሣው ከቤት ነው። ኪሳራ የሚል ግን አላገኘንም። አብሬያት የመጣሁት ዘመዴ ሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ ትነግዳለች። ኮንትራክተሮቹ ዱቤያቸውን ሳይከፍሉ ቀሩ፤ እሷም የባንክ ክፍያዋን አቋረጠች።

አንድ ወጣት ጠበቃ ቢሮ ገባን። ከሰላምታው ቀጥሎ «እናቴ፣ ለአቅራቢ ቼክ ሰጥተዋል?» አላት። እትዬ ከቦርሳዋ የቼክ ጉርዶች አወጣች፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን በእርሳስ ጽፋለች። «ልጄ፣ ገንዘቡ ይገባል ብዬ ነው» አለችው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ወንጀል ነው። ብዙ ነጋዴ ከሱቁ መዘጋት ይልቅ ይህን ፈርቶ ያድራል፤ አራጣ የሚበደረውም ለዚሁ ነው።

በድሮው ልማድ ባለዕዳና ባለገንዘብ ነጠላቸው ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ ኪሳራን በፍርድ ቤት የሚመራ ጉዳይ አደረገው። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ደግሞ የተቸገረ ነጋዴ ጨርሶ ሳይወድቅ፣ በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ከባለገንዘቦቹ ጋር ዕዳውን መልሶ የሚያደራጅበትን መንገድ ከፍቷል። መልካም ሕግ ነው። ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር እንጂ ለደመወዝተኛ እንዳልሆነ ግን ልብ ይሏል።

ችግሩ ባንኩ ቀድሞ መድረሱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ነጋዴው ጠበቃ የሚፈልገው የሐራጁ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ብዙው አምልጧል። የኪሳራ ፋይል ይዘው ፍርድ ቤት የሚሄዱት እንደ ሆላንድ ካር ያሉ ስመ ጥር ድርጅቶች ናቸው። የሰፈር ነጋዴ ሽማግሌ ይልካል፣ ቤቱን ይሸጣል፣ ሲብስም አገር ጥሎ ይጠፋል። ጉዳዩ ችሎት ካልደረሰ ጠበቃውስ ከየት ልምድ ያገኛል? አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ድርጅት አቋቁመው እንዲሠሩ ስለፈቀደ በኪሳራ ጉዳይ የሚካኑ እንዲበዙ እመኛለሁ፤ የሚያስፈልጉት ግን መሀል ከተማ ብቻ ሳይሆን እዚህም ነው።

ወጣቱ «ኪሳራ ይዤ አላውቅም፤ የሚያውቅ ባልደረባ ጨምሬ እይዘዋለሁ» አለ። በግልጽ መናገሩን ወደድኩለት። ፈቃዱን አየን፤ ክፍያውም በጽሑፍ ውል እንዲሆን ተስማማን። የሂሳብ መዝገቧን፣ የብድር ውሉን፣ የማን ስንት ዕዳ እንዳለባትና እሷ ከማን ላይ ስንት እንዳላት የሚያሳይ ዝርዝር እንድታመጣ ነገራት። ቼኮቹን ለያዙት አቅራቢዎች ግን ዛሬውኑ ደውላ ወደ ባንክ እንዳይወስዷቸው እንድትለምን አሳሰባት። ደረጃው ላይ ቆማ የመጀመሪያውን ደወለች።