ዝም ያለው በገና

በሚመጣው ዐቢይ ጾም በከተማችን በደብረ ብርሃን፥ በአንድ ኮሌጅ አዳራሽ፥ የበገና ምሽት እንደሚደረግ በሰማን ጊዜ ደስ አለን፤ ወዲያውም አፈርን። ደስ ያለን ልጆቻችን በሬዲዮ ብቻ የሚያውቁትን ድምፅ ከደርዳሪው ጣት ሊሰሙ ስለ ሆነ ነው። ያፈርነው ግን አያታችን ከአንኮበር ያመጡት በገና በሳሎናችን ግድግዳ ላይ የእንግዳ ማያ ጌጥ ሆኖ መቅረቱን ስላሰብን ነው።

በገና ከበግ አንጀት የተሠሩ 10 አውታሮች አሉት፤ አባቶችም በዐሥሩ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፥ እንዚራ የምትባለው፥ ያን ጥልቅና ነዛሪ ድምፅ ትሰጠዋለች። በእኛው በገና ላይ የቀሩት 4 አውታሮች ብቻ ናቸው፤ እንዚራ የሚባልም የለበትም።

ታናሺቱ ልጃችን ወደ ግድግዳው እያየች «አባባ፥ ይኼ ይናገራል?» ብላ በጠየቀችን ጊዜ መልስ አጣን። በደርግ ዘመን በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና ትምህርት ተቋርጦ ነበር። በቤታችን ግን ያቋረጥነው እኛው ነን፤ የከለከለን ማንም አልነበረም።

ስለዚህ ከምሽቱ አስቀድመን በገናውን ወደ ሠሪ ወስደን አውታሩን ልናሟላለት ቆርጠናል። ልጆቹንም፥ በገና በጸጥታ የሚሰማ የጸሎት ዜማ ነውና እንደ ዘፈን እንዳያጨበጭቡለት እንመክራቸዋለን። ከአዳራሹ ስንመለስ ግን ልጂቱ የአያቷን በገና አቅፋ ትሞክረው። ብትሳሳት እንኳ፥ በግድግዳ ላይ ዝም ከሚል ይሻላል።