ያቺ አሥራ አንድ ሜትር

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ያመለጠችን ኳስ ዛሬም ታንገበግበኛለች።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት ላይ ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠሙ። ገና 0 ለ 0 ነን፣ ቡድናችንም ሙሉ ነው፤ ዳኛው ሪጎሬ ሰጡን። ሳላዲን ሰይድ መታ፣ ኬኔዲ ምዌኔ አዳነው። ከዚያ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከእረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። በ10 ሰው ታግለን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣን። አቻውን እንደ ድል ቆጠርነው። እኔ ግን በሙሉ ቡድን፣ በባዶ ለባዶ፣ ከቆመ ኳስ ያጣናትን መርሳት አቃተኝ።

በሳላዲን ላይ ጣት የሚቀስር አይቅረበኝ። ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ስናሸንፍ ከአዳነ ጋር ጎል አስቆጥሮ እዚያ ያደረሰን እሱ ነው። ቁጭቴ ከዚያች ምት በፊት ያለ ልምምድ ባሳለፍናቸው ዓመታት ላይ ነው።

የጎልፍ ተጫዋቾችን እዩ። ከእያንዳንዱ ምት በፊት የማይለወጥ ሥርዓት አላቸው። ከኳሷ ኋላ ቆመው መስመሩን ይመርጣሉ፤ ዱላውን በባዶው ወዝወዝ አድርገው ይሞክራሉ፤ ቀርበው እግራቸውን ያስተካክላሉ፤ ዒላማውን ያያሉ፤ ይመታሉ። ልምምድም ላይ ይሁን የዋንጫ ቀን ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ታላቁ ጃክ ኒክላውስ የኳሷን በረራ አስቀድሞ በዓይነ ሕሊናው ሳያይ አይመታም ነበር፤ ከኳሷ ፊት ጥቂት ራቅ ያለች ምልክትም መርጦ በእሷ ያነጣጥር ነበር። ኳሷ ቆማለች፣ የሚጋፋ ተከላካይ የለም፤ ስለዚህ ፍርሃት ለመግባት ሰፊ ጊዜ ያገኛል። ያን ጊዜ ነው በልማድ የሚሞሉት። በእግር ኳስ ከዚህ ሁሉ ጋር በጣም የሚመሳሰለው ሪጎሬ ነው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት በትልልቅ ውድድሮች የተመቱትን መርምሮ፣ ፊሽካው እንደተነፋ የሚጣደፉ መቺዎች ይበልጥ እንደሚስቱ አሳይቷል።

እኛ ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ ነበረብን? ጎህ ሲቀድ እንጦጦ ማርያም ውጡ። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በባሕር ዛፉ መካከል፣ ሯጮቻችን ያንኑ ማሟሟቂያ፣ ያንኑ ዳገት በየማለዳው ይደጋግሙታል። ያ ድግግሞሽ ነው በውድድር ቀን እግራቸውን የሚያዝዘው። ለሳንባ ይህን ያህል የተጋን ሕዝብ፣ ኳስ አስቀምጦ ወደ ኋላ ለመራመድ፣ ለመተንፈስ፣ አንድ ጥግ መርጦ ላለመለወጥ ልምምድ ያስፈልጋል ብለን አላሰብንም። በየሰፈሩ ሜዳ ሪጎሬ የሚሰጠው «ልብ ላለው» ልጅ ነው። ካገባ ጀግና፣ ከሳተ ዕድለ ቢስ። ሪጎሬ ግን የልብና የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ያዳነብን ምዌኔ እኮ ከዚያ ጨዋታ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዛምቢያ ኮትዲቯርን በመለያ ምት አሸንፋ ዋንጫውን ስታነሳ፣ ግብ ጠባቂ ሆኖ ሳለ ራሱ መትቶ ያገባ ሰው ነው!

ጥር 21 ደግሞ ቁስላችን ላይ ጨው ነሰነሰብን። ምእመኑ አስተርእዮ ማርያምን ባከበረበት ዕለት ማታ፣ ናይጄሪያ በ80ኛው ደቂቃ ሪጎሬ አገኘች፤ ወደ ማብቂያው ሌላ። ቪክተር ሞሰስ ሁለቱንም አስቆጠረ። በአንድ ነጥብ ተሰናበትን።

ያቺ የዛምቢያ ጎል ብትገባ ሩብ ፍጻሜ እንገባ ነበር አልልም፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸንፈናል። ግን የዋንጫውን ባለቤት እየመራን እንጫወት ነበር። ያ ቀን ሌላ ቀን ይሆን ነበር።

እንደሚቻል ጌታነህ ከበደ ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን፣ ባፉሳም ላይ አሳይቶናል፤ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ያደረገን በሪጎሬ ነው። የታዳጊ አሠልጣኞች ሆይ፣ ልጆቹ መምታቱን ያውቁበታል፤ ከመምታት በፊት ያሉትን ሰከንዶች አስተምሯቸው፣ በየቀኑ፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል። ብዙ ጠብቀናል፤ በአፍሪካ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፍነው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ኡጋንዳን፣ 2 ለ 0፣ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ።