የት ዋልህ?

የበኵር ልጄ በዚህ ወር ከቤት ወጥቶ ወደ ተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብቻችንን ስንሆን፥ «አባባ፥ የማላውቃቸው ልጆች ወዳሉበት ክፍል ስገባ መጀመሪያ ምን ልበል?» ሲል ጠየቀኝ። ጠባዩ የእኔ ነው፤ ሰው ሲበዛ አንደበቱ ይታሰራል። «ሰላም ማለት ነዋ» ብዬ አለፍሁት፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔ በጐጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ ዝምታዬ ነውር ሆኖብኝ አያውቅም ነበር። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል። ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና አሳምሮ ያመጣ ልጅ ሌላ ቃል ባይጨምር ማን ይወቅሰዋል? ቍራሽ ፍለጋ በየደጁ ስንቆምም «በእንተ ስማ ለማርያም» ከማለት በቀር ሌላ ንግግር አይሻም፤ የሚያስቸግረን ውሻው ብቻ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. ግን ለኮሌጅ ትምህርት ዲላ ተመደብሁ። ከአዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ተጕዤ ስደርስ፥ ቡናና እንሰት ቤቱን ከብበው የበቀሉበት የጌዴኦ ምድር እጅግ ውብ ሆኖ ታየኝ፤ የገባሁበት ክፍል ግን አስፈራኝ። ስድስት ነበርን። አምስቱ በሳምንት ውስጥ በቅጽል ስም ሲጠራሩ፥ እኔ ወደ ምግብ ቤት የምሄደው ሰልፉ ካለቀ በኋላ ነበር። «ኩሩ ነው» ይሉኝ እንደ ነበር ቈይቼ ሰማሁ። ፍርሃት ነበር፤ ነገር ግን በምን ይወቁት?

በኅዳር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፥ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ለሚተኛው ልጅ የአባቱ መርዶ መጣ። ሌሎቹ ከበውት ሲያለቅሱ፥ እኔ የምናገረው ቃል ባጣ ደብተሬን ይዤ ወደ ቤተ መጻሕፍት ወጣሁ፤ እስኪዘጋም ድረስ አንዲት ገጽ ሳላነብ ተቀመጥሁ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል። ስመለስ ልጁ አልተኛም ነበር። «የት ዋልህ?» አለኝ። ቍጣ አልነበረበትም፤ ለካ በእውነት ፈልጎኝ ኖሯል።

በማግሥቱ ማለዳ ሻንጣውን ተሸክሜ ይርጋ ጨፌ አጠገብ ወዳለው የአባቱ ቤት አብሬው ሄድሁ። ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ተቀመጥን። ሰው ይመጣል፤ ይቀመጣል፤ ጥቂት ቈይቶ ይነሣል። ቋንቋቸውን ስለማላውቅ፥ ያለ ሐፍረት ዝም ልል የምችልበት ቦታ ከቅኔ ቤት ወዲህ ያን ቀን አገኘሁ። እናቱ ቆጮውን በእጃቸው ቈርሰው ሰጡኝ፤ ከልጃቸውም ጐን እንዳልነሣ በምልክት ነገሩኝ።

ከተመለስን በኋላ ያ ልጅ በሰልፍ ላይ ቦታ ይይዝልኝ ጀመር። አምስት ወዳጅ አላፈራሁም፤ ያፈራሁት እርሱን ነው፤ ሌሎቹን እርሱ አመጣልኝ። እስከ አሁንም በየፋሲካው ይደውልልኛል።

ይህን ትናንት ማታ ለልጄ አወጋሁት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ከሰማኝ በኋላ፥ «ታዲያ አባባ፥ ሰው እስኪሞት ልጠብቅ?» አለኝ።

«የለም፤ ሰልፉ ሳያልቅ ሂድ» አልሁት።

እናቱ ሰምታን ኖሮ ከጓዳ ሳቀች። ለስንቁ ያዘጋጀችውን ዳቦ ቆሎም ከአንዱ ትልቅ ከረጢት እያወጣች፥ በስድስት ትንንሽ ከረጢት ትከፋፍለው ጀመር።