ብቻዋን የምትለቅም ወፍ

ወፍ ከመሰሎቿ ጋራ መኖርን የምትወድ ፍጥረት መሆንዋ የታወቀ ነው። ይህም ለደስታዋ ብቻ አይደለም። በመንጋ የምትለቅም ድንቢጥ ሌሎቹ ስለሚጠብቁላት አንገቷን ደፍታ ትበላለች፤ ብቻዋን የሆነችው ግን ጭልፊትና ድመት እንዳይደርሱባት ጥቂት ለቅማ ብዙ ጊዜ ቀና ማለት ግድ ይሆንባታል። እንግዲህ መንጋው ዘበኛዋ ነውና፣ አንዲት ወፍ ከመንጋዋ ተለይታ በጓሮአችን ስትታይ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

እኛ በአዲስ አበባ በምንኖርበት ቤት ጓሮ የእንጀራ ፍርፋሪና ጥቂት ስንዴ በአሮጌ ሳሕን ማኖር ከጀመርን ጥቂት ዓመታት ሆኖናል። ድንቢጦች ከአጥሩ ላይ እየተንጫጩ ይወርዳሉ፤ አንዲቱ ስትነሣም ሁሉም ብር ብለው ይነሣሉ። ባለፈው ጥቅምት ግን አንዲት ድንቢጥ ጓደኞቿ ሲበሩ ከሳሕኑ አጠገብ የምትቀር ሆነች። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ትቀመጣለች። የስድስት ዓመት ልጃችን «ለምዳናለች፤ ወዳናለች» ብላ በደስታ ዘለለች። ቃሏ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ የዱር ወፍ ከሰው አለመሸሽዋ የፍቅር ምልክት እንዳይደለ ስለምናውቅ በዝምታ ልናልፈው አልቻልንም።

ብቸኝነት ሁሉ ሕመም አይደለም። እንግሊዛዊው ዴቪድ ላክ በዳርቲንግተን በመምህርነት ሳለ፣ ሮቢን በተባለችው ደረተ ቀይ ወፍ እግር ላይ ባለ ቀለም ቀለበት እያሰረ ኑሮዋን በትዕግሥት ተከታተለ። በ1943 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም፣ ክረምታቸው ሲቃረብ ወንዱም ሴቲቱም እየብቻቸው ርስት ይዘው፣ በዜማና ደረታቸውን በማሳየት ባዕድን እንደሚያባርሩ ገለጠ። እንዲህ ያለችው ብቸኛ ባለ ርስት ናት፤ ዓይኗ ንቁ፣ ላባዋም የተስተካከለ ነው።

ሌላው ብቸኝነት ግን የደዌ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አካባቢ፣ ሃውስ ፊንች የተባሉ ወፎች ዓይናቸው አብጦ በየጓሮው መመገቢያ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ይታዩ ጀመር። ምክንያቱም ቀድሞ በዶሮዎች ላይ ይታወቅ የነበረ ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ነበረ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በብሪታንያ ትሪኮሞናስ የተባለ የጉሮሮ ደዌ አምጪ ነፍሳት አረንጓዴ ፊንች የሚባሉትን ወፎች እጅግ አሳነሰ። ደዌው ከታማሚው ወደ ጤነኛው ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ሰው በርኅራኄ ያኖረው መመገቢያ መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

ስለዚህ ሳሕኑን አንሥተን በፈላ ውኃ አጠብነው፤ በፀሐይም አደረቅነው፤ ለሁለት ሳምንት ያህልም እህል አላኖርንም። ልጃችን «የታመመች ወፍ ትከለክላላችሁን? በረኀብ ብትሞትስ?» ብላ አለቀሰች። ጥያቄዋ ከባድ ነበር፤ ለአንዲቱ ማዘንና ለመንጋው ማሰብ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ አይሄዱምና። ጥቅምት የሣሩ ዘር የሚደርስበት ወር በመሆኑ መንጋው በሜዳ የሚለቅመው እንደማያጣ ነገርናት። በአራተኛው ቀን ድንቢጧ አልታየችም። «በርራ ሄደች» ብለን ልናጽናናት ብንችልም፣ ታማ እንደ ነበረች እውነቱን ነገርናት። ሳሕኑ ወደ ስፍራው በተመለሰ ጊዜ መንጋው እንደ ወትሮው እየተንጫጨ ወረደ፤ ልጃችንም ከዚያ ወዲህ አስቀድማ የምትመለከተው ወደ ኋላ የምትቀር እንዳለች ነው።

በሰውም ዘንድ ነገሩ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። በመሥሪያ ቤትም በትምህርት ቤትም ከጉባኤው ተለይቶ ብቻውን የሚበላ ሰው አይጠፋም። አንዱ እንደ ሮቢኗ ጸጥታውን እንደ ርስት የሚጠብቅ ነውና ሊከበርለት ይገባል። ሌላው ግን ጓደኞቹ ሲነሡ አብሮ መነሣት የተሳነው ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ «ኩሩ ነው» ወይም «ብቸኝነት ይወዳል» ከማለታችን አስቀድመን፣ ጥቂት ቀረብ ብለን ዓይኑን እንመልከት።